የቢቸናው የበረዶ ግግር

መምህርት ሰገነት ቢቸና ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ባሏና ልጇ ያሉት ግን ሞጣ ነው። ባሏ ይታገስ እዚያ ነርስ ነው። ልጃቸው መክሊት እናቷን የምታውቃት በቅዳሜና በእሑድ ነው። ሰገነት በየዓመቱ ዝውውር ትጠይቃለች፣ በየዓመቱም «ይታያል» ትባላለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

ዘንድሮ ግን ርእሰ መምህሩ አቶ ደምለው ራሳቸው አስጠሯት። «ከበላይ እንግዶች ይመጣሉ፤ ዝውውር የሚወስኑትም እነሱ ናቸው። በተግባር የሚታይ ትምህርት አቅርበሽ ካስደሰትሻቸው፣ ነገርሽን እኔው እዚያው አነሳልሻለሁ» አሏት።

በዚያ ሳምንት የምታስተምረው ስለ ተራራ የበረዶ ግግር ነበር። በረዶ ለቢቸና ልጅ በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ ጤፍ አስተኝቶ ማታውን የማይገኝ እንግዳ ነው። ተራራ ላይ ተጋግሮ ሺህ ዓመት የሚኖር በረዶ አለ ብትላቸው፣ ተማሪዎቿ ለመምህር ክብር ሲሉ ዝም አሉ እንጂ አላመኗትም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ሰገነትም ግግሩን እዚያው ግቢ ውስጥ ልትሠራው ቆረጠች።

የቢቸና ፍሪጆች መብራት ቢጠፋባቸው ቁም ሳጥን ሆነዋል። ስለዚህ ይታገስ ሞጣ ባለ የሥጋ ቤት ወዳጁ ፍሪዘር በረዶ አስጋግሮ፣ በጭድና በጆንያ ጠቅልሎ፣ በማለዳ ሚኒባስ ይዞላት መጣ። ረዳቱ «ምንድን ነው የሚንጠባጠበው?» ብሎ ሲቆጣው፣ «የሚስቴ ዝውውር ነው» አለው።

ሰገነት ከድንጋይና ከጭቃ ተራራ ሠርታ በረዶውን አናቱ ላይ አስተኛችው። ከግርጌው የቀለጠው ውሃ የሚጠራቀምበት ሳፋ አኖረች። አቶ ደምለው ዙሪያውን ዞረው አዩና ፊታቸው ጠቆረ።

«ይሄ ነገር እየቀነሰ ነው እኮ!»

«አዎ ጋሼ፤ ትምህርቱ እሱ ነው። ሙቀት ሲጨምር ግግሩ እንደሚያንስ ነው የማሳየው።»

«ለእንግዳ የሚቀንስ ነገር አይታይም! በዚህ ትምህርት ቤት ሁሉ ነገር እያደገ ነው ብለን ሪፖርት አድርገናል። እንዲያድግ አድርጊው።»

«በዚህ ፀሐይ?»

«ቁርጠኝነት ካለ የማይቻል ነገር የለም።»

እንግዶቹ ጠዋት ይደርሳሉ ተብሎ ነበር፤ ጠዋቱ ግን እነሱን ሳይዝ አለፈ። የበረዶ አቀባበል ኮሚቴው ዣንጥላ ዘረጋ። አዎ፣ ኮሚቴ ተቋቁሞለታል፤ እኛ አገር ያለ ኮሚቴ በረዶም አይቀልጥም። በረዶው ጥላ ሥር ተኛ፣ ተማሪዎቹ ፀሐይ ላይ ቆሙ። በመጨረሻ እንግዶቹ ከተማ መግባታቸው ተሰማ። መጀመሪያ ግን ምሳ፣ ከምሳ በኋላ ንግግር፣ ከንግግር በኋላ ለንግግሩ ምስጋና ነበር። ተራራው ዘንድ ሲደርሱ ግግሩ ከአንድ ቅል አይበልጥም። ሰገነት ስድስት ዓመት የጠበቀችው ነገር ዐይኗ እያየ ወደ ሳፋው ይንጠባጠባል።

መምህር ነችና በተረፈላት ጀመረች። «የተራራ በረዶ እንደ ማንኛውም ቤት ገቢና ወጪ አለው» አለች። «በብርድ ወራት እንደ ባዘቶ የላላ በረዶ ከላይ ይወርድበታል፤ ተደራርቦ፣ ተጨምቆ ይጋገራል። በሙቀት ወራት ከታች በኩል ይቀልጣል። የሚጨመረው ከበለጠ ግግሩ ቁልቁል እየገፋ ያድጋል። አየሩ ሲሞቅ ግን ጉዳቱ ድርብ ነው፤ ግርጌው አብዝቶ ይቀልጣል፣ አናቱም በበረዶ ፋንታ ዝናብ ይወርድበታል።» ከጆንያው የተረፈውን አንድ ኩባያ ፍርፋሪ በረዶ አናቱ ላይ ነሰነሰች። ከሳፋው ደግሞ ሦስት ኩባያ ውሃ ቀዳች። «አንድ ገባ፣ ሦስት ወጣ። ይህ ግግር ዛሬ ለዐይን ቢታይም ኑሮው አልቋል።»

የእንግዶቹ አለቃ አቶ ገላው ከወንበራቸው ተነሡ። ተራራውን አዩ፣ ሳፋውን አዩ። «ድንቅ ነው! እንዲህ ሆኖ ገብቶኝ አያውቅም» አሉ፤ ከልባቸውም ነበር። ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ።

አቶ ደምለው፣ እውነቱ ይነገርላቸውና፣ ቃላቸውን አልበሉም። «ክቡር ኃላፊ፣ ባሏም ልጇም ሞጣ ናቸው። የቆየ የዝውውር ጥያቄ አላት» አሉ።

አቶ ገላው ፈገግታቸው ሳይጠፋ ጠየቁ፤ «ዘንድሮ ከዚህ ስንት መምህር ለቀቀ?»

«ሦስት» አሉ አቶ ደምለው።

«ስንት መጣ?»

«አንድ።»

«መምህርት ሰገነት፣ እርስዎው አስተማሩን እኮ! አንድ ገብቶ ሦስት ከወጣ ምን ይሆናል? እርስዎ ደግሞ አራተኛ ሆነው ቢፈሱብን፣ ይህ ትምህርት ቤት ቀለጠ ማለት አይደለም?»

ጭብጨባው ከፊተኛው በረታ። ተማሪዎቹ ሳይቀሩ አጨበጨቡ፤ ትምህርቱ ገብቷቸዋላ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት የሚባለው እንዲህ ያለ ቀን ነው።

ሰገነት ግን ዝም አላለችም። «ጌታዬ፣ በረዶ ግርጌውን በመያዝ አይድንም። ከላይ ካልተጨመረበት፣ የያዙትም እዚያው በያዙበት ያልቃል» አለች።

አቶ ገላው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። «ግሩም ሐሳብ ነው። ይህንንም በሚመጣው ዓመት ጉብኝት በተግባር ያሳዩናል።»

ይታገስ ባዶ ጆንያውን አጣጥፎ ከበሩ ውጭ ይጠብቃል። ሁለቱንም ጭብጨባ ሰምቷል፤ ፊቱ በርቷል። ጠዋት ሲነሣ መክሊትን «እናትሽ ልትመጣልሽ ነው» ብሏት ነበር።

«ምን አሉሽ?» አላት።

«አመሰገኑኝ።»

ይታገስ የሞጣው ሚኒባስ ጥሩንባ ሲነፋ ብቻውን ተሳፈረ፤ እስከ ደብረ ወርቅ ድረስም ለልጁ ምን እንደሚላት ሲያስብ ሄደ።