የመጨረሻዋ ባላንጣ

ታናሽ ወንድሜ አግብቶ ከቤት ሊወጣ ነው። የዕቃ መኪናው ደጅ ላይ ቆሟል፤ እኛ ግን ባዶው ክፍል ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጠን በአንዲት አሮጌ የእጅ ጌም እንናጫለን። ለሁለታችን የተገዛች ማጫወቻ ነች፤ «የእኔ ነች፣ የእኔ ነች» ስንባባል ጥጓ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተለጥፏል። ዛሬ ቁርጡ ይለያል። ውስጧ ያለውን ጨዋታ ካሸነፍኩ እዚሁ ከእኔ ጋር ትቀራለች፤ ከተሸነፍኩ ከሙሽራው ጋር ትሄዳለች።

ጨዋታው ያው የድሮው ነው፤ አውሬ እያለመዱ፣ እያሳደጉ፣ ከከተማ ከተማ እየዞሩ መፋለም። ግን ወንድሜ ውስጡን ገለባብጦታል። ሥራው ሊፍት መጠገን ነው፤ ከሥራ መልስ ኮምፒውተሩ ላይ እየተጎለተ ከተሞቹን እንደገና ሠራ፣ አውሬዎቹን ቀየረ፣ ንግግሩን ሁሉ በአማርኛ ጻፈ። ለሰው ከመልቀቁ በፊት እንድሞክረው ሰጠኝ። ከተሞቹን አንድ በአንድ አንበረከክኳቸው፤ የቀረኝ የመጨረሻው በር ብቻ ነው።

«አንብቢያ!» አለኝ። ስክሪኗ የምትታየው ለአንድ ሰው ስለሆነ፣ በእኛ ቤት ማጫወቻዋን የያዘ ሰው ለሌላው ጮክ ብሎ ያነባል። ሕጋችን ነው።

ስክሪኗ ላይ በሩ ተከፈተና የመጨረሻዋ ባላንጣ ብቅ አለች። «እኔ የዚህ ቤት ታላቅ ነኝ» ብዬ አነበብኩ። «ተሸንፌ አላውቅም። ከተሸነፍኩም ጥፋቱ የባትሪው ነው።»

ቀና አልኩ። «ይቺ እኔ ነኝ እንዴ?»

«ኧረ እኔ ምን አውቄ!» አለ፤ ገና ያልተጫነ ትራስ አቅፎ በሳቅ ይንፈራፈራል።

የምሠራው መነጽር ቤት ነው፤ ቀዩን የመነጽሬን ክፈፍ የትም አውቀዋለሁ። እሱን ሳይቀር አድርጎላታል! በደስታ ጮህኩ፤ ከዚያ ተናደድኩ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቄ መጣ። ስትፋለምም እኔው ነች። አንበሳዬን አስቀደምኩ፤ አንበሳዋን አስቀደመች። መታሁ፤ መታች። እኔ ለቆሰለ አውሬ መድኃኒት መስጠት አልወድም፣ ጊዜዬን ይበላብኛል። እሷም አትሰጥም፤ ግን ጉልበቷ ከእኔ ይበልጣል። አንበሳዬ ወደቀ፤ ንስሬም ተከተለው።

«እትዬ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ እስኪሄድ ገበያው ይበተናል! ዝም በል!»

«ልጆች፣ ሾፌሩ ቆሟል እኮ!» አለች እማዬ ከደጅ።

የቀረኝ ቀንድ አውጣው ብቻ ነበር። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመርጠው፣ እኔ የምስቅበት አውሬ ነው፤ ከጨዋታው ከረጢቴ አውጥቼ እንዳልጥለው አድርጎ ሠርቶታል። ቅርፊቱ ውስጥ ይደበቅና ጠላቱን በመርዝ ቀስ እያለ ያደክማል፤ ሌላ ሙያ የለውም። ምን ይደረግ! ጥርሴን ነክሼ ደበቅኩት። መታችኝ። መድኃኒት ሰጠሁት። መታችኝ። እንደገና ደበቅኩት። በሕይወቴ እንዲህ ታግሼ አላውቅም። አንበሳዋ በመርዙ እየዛለ መጣ። እሷ እቴ! መምታት ብቻ።

«መድኃኒት ስጪው እንጂ፣ አንቺ ችኩል!» ብዬ በራሴ ላይ ጮህኩ። ወንድሜ በሳቅ ካርቶኑ ላይ ተደፋ።

አንበሳው ወደቀ። ንስሯም ወደቀ። ጨረስኳት!

«እንቁልልጭ! የእኔ ነች! እንቁልልጭ!» እያልኩ ዘለልኩ።

እሱ ግን ጭራሽ አልከፋውም። «አላለቀም፤ አንብቢያ» አለኝ።

በደስታ ሰክሬ ነበርና ሳላስብ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ተሸነፍኩ። ታናሽ ወንድሜ ሁልጊዜም ከእኔ የተሻለ ተጫዋች ነበር።»

ምላሴን ብነክስ ምን ዋጋ አለው!

«አለች! እማዬ፣ አለችው!» እያለ ወደ ደጅ ሮጠ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ የተጎለተው ይህችን ቃል ከአፌ ለመስማት ነው። ማጫወቻዋን ዞር ብሎም አላያት።

ተከትዬው ስወጣ መኪናው ሞተሩን አስነስቷል፤ እሱም ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ገና ይስቃል። ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብዬ ያነበብኩትን ደገምኩለት። ያሁኑን ማንም ጽፎ አልሰጠኝም።

ሳቁ ቆመ። «እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው» አልኩት። «በል ሂድ፣ ሰውዬውን አታቁመው።»