ዩሪያ የጠገበ ስንዴ

ታቢታ የግብርና ባለሙያ ናት፤ ሐይቅ ዳር፣ ቡሹሎ አጠገብ ያለው የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ጓድ ግዛቸው ግን ምክሯን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ጎብኚዎች ከበላይ አካል ይመጣሉ ሲባል፣ የማኅበሩ ስንዴ እንዲያምርለት ብሎ ቀድሞ በተበተነው የዩሪያ ማዳበሪያ ላይ ሌላ ዩሪያ አስበተነ።

«ጓድ፣ ስንዴ ናይትሮጅን ካገኘ በቃኝ አያውቅም! በሥሩ እየሳበ ቅጠልና ቁመት ያደርገዋል፤ አገዳው ግን አይሸከመውም» ብላ ጮኸች።

«እድገትን ነው የምትቃወሚው?» አላት።

ከዚህ በኋላ ማን ደፍሮ ይናገራል?

በጉብኝቱ ቀን ስንዴው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ፣ ደረት ላይ ደርሶ ቆመ። ግዛቸው ስለ ምርት ዘመቻ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲደሰኩር ከሐይቁ ነፋስ ተነሣ፤ ማሳው በሙሉ ለጥ ብሎ ተኛ።

«ምን ነካው?» ብሎ ታቢታ ላይ አፈጠጠ።

«እኔ ምን አውቄ፣ ጓድ» አለች። «ንግግርዎን ሲጀምሩማ ቆሞ ነበር።»