ሜትሮ ያላለው ቃል

እናቴ በር ላይ አቅፋኝ አልቅሳ ሳትጨርስ «ሜትሮን ሳታየው እንዳትሄድ፤ በየወሩ እየመጣ ይጠይቀኛል» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ከዚህ ከተማ የሸሸሁት ከእሱ መሆኑን አታውቅም። «ሥራ በዝቶብኝ ነው የቀረሁት» አልኳት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሜትሮ ብለን ስም ያወጣንለት እኛ የእንጨት ሥራ ቤቱ ልጆች ነን። ጣውላ በዓይኑ አይቶ ርዝመቱን ሲናገር ግማሽ ሴንቲ እንኳ አይስትም ነበር። እሱ ኤሌክትሪክ መጋዙ ላይ፣ እኔ ማብሪያው ጋ ነበር የምንሠራው። ማብሪያው ከተደረደረው ጣውላ ጀርባ ስለሆነ አንተያይም። ስለዚህ ሕግ ነበረን። እኔ «ላብራ?» እላለሁ፤ እሱ «አብራ!» ይላል፤ ከዚያ በፊት ማብሪያው አይነካም። በቀን መቶ ጊዜ እንባባለው ነበር። እየቆየ እንደ መንገድ ላይ ሰላምታ ሆነብን፤ ሰላምታ ደግሞ ማን መልሱን ሰምቶ ያልፋል?

ያን ቀን «ላብራ?» አልኩና አበራሁ። ሜትሮ የመጋዙ ጠረጴዛ ላይ ሰጋቱራ በእጁ እየጠረገ ነበር። ሦስት ጣቶቹ ሄዱ።

ራሱን ስቶ ሐኪም ቤት ከተወሰደ በኋላ አለቃችን አንገቴን ይዞ «ምንድነው የሆነው?» አለኝ። «አብራ አለኝ፣ አበራሁ» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘሁና እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ዛሬ እኔ ራሴ አለቃ ሆኛለሁ። በየጠዋቱ ሠራተኞቼን «መልስ ሳትሰሙ እንዳታበሩ» ስላቸው ምላሴ ይመረኛል። የመጣሁት ልነግረው ነው። እናቴ ምሳ እያቀረበች «ምስኪን፣ በገዛ አፉ ጣቱን አስበላ» ስትል፣ ምግቡን ሳልነካ ተነስቼ ወጣሁ።

ሜትሮ በሩን ሲከፍት «አንተ ሌባ! ሸበትክ እኮ!» ብሎ ተጠመጠመብኝ። አሁን የመጋዘን ጠባቂ ነው። ሚስቱ መስኮቱ ሥር ካሮት ትልጣለች፤ ሴት ልጃቸው ወለሉ ላይ ሥዕል ታቀልማለች። ስለ ድሮው አለቃችን ጠባይ እያነሳን ስንስቅ ቆየን።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። «ያን ቀን አብራ ስልህ ድምፄ እንዴት ነበር?»

«እንዴት ማለት?»

«ጭንቅላቴን ብጨምቀው አልመጣልህ አለኝ። እጁ እዚያ ውስጥ እያለ አብራ የሚል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? አንተ ሰምተኸኛል። አንተ ደግሞ አትዋሽም።»

ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። «ጮክ ብለህ ነው ያልከው» ብዬ መገላገል እችል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ውሸቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላልክም» አልኩት።

«ምኑን?»

«አብራ አላልክም። ሳልጠብቅህ ነው ያበራሁት።»

ሚስቱ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝ በወደድኩ።

«ድገመው» አለኝ።

ደገምኩት። የዚህን ያህል ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም።

«ጣቶቼስ ይቅሩ» አለ። «ከመጋዝ ጋር የሚውል ሰው ያጋጥመዋል። እኔ ግን አፌን ማመን አቆምኩ። ይቺ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ብቻዬን ይዣት መንገድ ተሻግሬ አላውቅም። መኪና እየመጣ ሳላውቀው ‹ሂጂ› ብላትስ እያልኩ።»

ተንበርክኮ የልጅቷን ጫማ አደረገላት። እጇን ይዞ ወደ መንገዱ ወጣ። እኔን ዞር ብሎ አላየኝም።

ሚስቱ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና በሩን ከፍታ ያዘችልኝ።

«ወንድሜ፣ ሳይመለስ ሂድ» አለችኝ። «ይቅርታ እንዳትጠይቀው። እሱ ቁስሉ ሳይሽርም እሺ ይልሃል።»