ቀላል ባቡር ወደ ሰቃ

የካቲት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ የሬዲዮው ዜና ሲጀምር አባቦራ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የበርጩማ እግር እየላገ ነበር። "ባቡር" የሚለውን ቃል ሲሰማ እጁ ቆመ።

ዜናው አጭር ነው። ከጅማ ወደ ሰቃ ሊዘረጋ የነበረውን ቀላል ባቡር ማን ይክፈለው በሚለው ላይ ፌዴራሉና ክልሉ አልተስማሙም። ፌዴራሉ፣ የከተማ ባቡር የክልል ጉዳይ ነው ይላል። ክልሉ፣ ሐዲድ የአገር ነው፣ የአገር ካዝና ይክፈል ይላል። ከተማው በበኩሉ ሁለቱ ሲስማሙ መሬት ለመስጠት ዝግጁ መሆኑን አስታውቋል። ሥራው ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል።

"ምን አለ?" አለች ሚስቱ ሐጂራ ከውስጥ፣ ከአልጋዋ።

"የአየር ሁኔታ ነው" አላት።

ቤታቸው ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ቀያሾች የተከሉት፣ ጫፉን ቀይ የተቀባ ችካል አለ። "እዚህ ጋ ፌርማታ ይሆናል" ብለው ነበር የሄዱት። ሐጂራ ያንን ንግግር እንደ አደራ ያዘችው። አልጋ ላይ የጣላት ሕመም የጀርባ አጥንቷን ከያዘው ወዲህ ሐኪሙ የሚያንገጫግጭ መኪና ከልክሏታል፤ እሷ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትመኘው። ሰቃ ሄዳ የአባቷን ባቡር ድምፅ ዳግም መስማት።

ሰቃ ላይ ባቡር ማለት ወፍጮ ነው። የድሮ ሰው እህል ሊያስፈጭ ሲወጣ "ባቡር ቤት ደርሼ ልምጣ" ይላል። የሐጂራ አባት ባለ ባቡር ነበሩ። የሞተሩ ጭስ ማውጫ ጫፍ ላይ ጣሳ አስረውበት፣ ሲነሳ ኩው! ኩው! እያለ መንደሩን ይጠራል፤ ሴቶቹም እህላቸውን ተሸክመው ከየቡናው መሃል ብቅ ብቅ ይላሉ። ሐጂራ ቅንድቧ ዱቄት እንደለበሰ ያደገች ልጅ ናት።

ለዚህም ነው በቀበሌው ስብሰባ ላይ ኃላፊው "ሰቃ ባቡር እናስገባለን" ሲል ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ "ያ ልጄ፣ ሰቃ ባቡር የገባው አንተ ሳትወለድ ነው!" ያለችው። አዳራሹ በሳቅ ሲፈርስ ኃላፊው ምን እንዳጠፋ ሳይገባው አብሮ ሳቀ።

አልጋ ከያዘች በኋላ ግን ሁለቱ ባቡሮች ቀስ እያሉ አንድ ሆኑባት። አንድ ቀን፣ "ለምን ቀላል አሉት?" ብላ ጠየቀችው።

"ሰውነት ላይ ስለሚቀል ነዋ። አያንገጫግጭም" አላት። ከራሱ ፈጥሮ ነው። ከዚያ ወዲያ ቃሉን መመለስ አልቻለም። በየምሽቱ ዓይኗን ጨፍና፣ "ተነሳ?" ትለዋለች።

"ተነሳ።"

"የት ደረስን?"

"ቡናው ውስጥ ነን። ጥላው ፊትሽ ላይ ያልፋል።"

እንዲህ እያሉ፣ እሱ የበርጩማውን እግር በአሸዋ ወረቀት እያሸ፣ እሷ እያንቀላፋች፣ ሰቃ ሳይደርሱ ይመሻል።

ያን ማክሰኞ ጎረቤታቸው አጵሎስ ባጃጁን አቁሞ መጣ። ከደቡብ ወደ ጅማ ሲመጣ መጀመሪያ ቤት ያከራዩት እነሱ ናቸው።

"አባቦራ፣ ሰሙ?"

"ድምፅህን ቀንስ።"

አጵሎስ ወደ በሩ ዓይኑን ጣል አድርጎ አንሾካሾከ። "ሁለት አባት ያለው ልጅ ባዶ እግሩን ነው የሚሄደው። ይኸኛው ያኛው ይግዛልህ ይለዋል፣ ያኛው ይኸኛው።"

አባቦራ አልሳቀም። ባጃጇን ከላይ እስከ ታች ሲያያት ቆይቶ፣ "የኋላ ወንበሯ ይነቀላል?" አለ።

"ለምን?"

"ሰቃ ልንሄድ።"

"በጌታ! አዴ ሐጂራን በባጃጅ? ሐኪሙ ይሰቅለኛል!"

"አንተን ሳይሆን እሷን ነው የምንሰቅለው" አለ አባቦራ።

እንዳለውም አደረገ። ወንበሩን ነቅሎ፣ በልኩ እንጨት ጠርቦ፣ ጠፍር ወጥሮ ትንሽ አልጋ ሠራና ከባጃጇ ብረት ላይ በገመድ አንጠለጠለው። ጎማው ሲዘል አልጋው እንዲወዛወዝ እንጂ እንዳይመታ ነው። ለሙከራ እንቁላል አስቀመጡበትና በሰፈሩ ክፉ ጉድጓድ ላይ ነዱ። አጵሎስ ዞር ብሎ አየና፣ "ሃሌ ሉያ!" አለ።

"አልሀምዱሊላህ" አለ አባቦራ። እንቁላሉ ደህና ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሊያነሳት ሲገባ እውነቱን ሳይነግራት ሊወስዳት አልሆነለትም። "ሐጂራ፣ ባቡሩ ቀርቷል" አላት።

"ማክሰኞ ሰምቻለሁ። በሰባት ሰዓት ዜና መጀመሪያ የአየር ሁኔታ ሲነገር ሰምተህ ታውቃለህ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"የየምሽቱን ጉዞ እንዳታስቀርብኝ ብዬ።"

ጭጋጉ ገና አልተነሳም ነበር። ከከተማው ሲወጡ ቡናው ያበበበት ሰሞን ነውና ሽታው ባጃጇ ውስጥ ሞላ። ሐጂራ ጠፍሩ ላይ እንደ ሕፃን ትወዛወዛለች። በመንገዱ ዳር ቀይ ጫፍ ያላቸው ችካሎች ከጭጋጉ አንድ በአንድ ይወጡና መልሰው ይገባሉ። አንዱ ላይ ፍየል ታስራለች።

"ፌርማታ" አለች ሐጂራ። "ተሳፋሪ አለ።"

አጵሎስ ጥሩንባውን ነፋ፤ ፍየሏም ቀና ብላ አየቻቸው።

ሰቃ ሲደርሱ ባቡር ቤቱ ዝም ብሏል። የአሁኑ ባለቤት ሙርሺድ ወፍጮውን ወደ መብራት ከቀየረው ቆይቷል፤ ያን ቀን ደግሞ መብራት የለም። አባቦራ ጆሮው ሥር አጎንብሶ የመጡበትን ነገረው። ሙርሺድ አልጋውን አየ፣ ሐጂራን አየ፣ "የባለ ባቡሩ ልጅ?" አለና ጥግ ላይ በጆንያ ተሸፍኖ ወደቆመው አሮጌ ሞተር ሄደ። ከአጵሎስ ጋር ተጋግዘው ሐጂራን ከነአልጋዋ ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ሞተሩን ናፍጣ ሞሉት፣ መዘወሪያውን አዞሩት። አንዴ ሳለ። ዝም አለ። ደግሞ ሳለ። ከዚያ ኩው! ኩው! አለ።

ከቡናው መሃል ሁለት ሴቶች ብቅ አሉ፤ አንዷ ቁና ይዛለች።

"መጣ" አለች ሐጂራ። መዳፏን ዘረጋች፤ ከጣሪያው የረገፈው አሮጌ ዱቄት እጇ ላይ፣ ቅንድቧም ላይ አረፈ።

"አላመመሽም?" አላት አባቦራ።

"ቀላል ነው" አለችው።

ሐጂራ በሮመዳን ሁለተኛ ሳምንት ሞተች። ሰቃ፣ አባቷ አጠገብ ተቀበረች። የባቡሩ ገንዘብ እስከ ዛሬ አልተለቀቀም።