አሁን ወይስ ቆይቶ

«እባክዎ ኮምፒውተርዎን አያጥፉ» ይላል ስክሪኑ። ከጽሑፉ በላይ ትንንሽ ነጠብጣቦች ክብ ሠርተው ይሽከረከራሉ። ሰውየው እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ፊት ለፊቱ ቆሟል። ማጥፋቱንስ ማን አሰበው? አጠገቡ መተንፈስም ፈርቷል። ሃያ በመቶ ላይ የቆመው ቁጥር ንቅንቅ አላለም። ወደ መስኮቱ ሄዶ መንገዱን አየ፤ ባለቤቱ ገና አልመጣችም። ተመልሶ ቁጥሩን አየ። አሁንም ሃያ ነው።

«እጄን ቁርጥ ያድርገው!» አለ ለራሱ። «ምን አቅለብልቦኝ ነው የነካሁት?»

ኮምፒውተሩ የእሱ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። የባለቤቱ መተዳደሪያ ነው። ሳሎኑን ለሁለት ከፍላ ጥልፍ የምትጠልፍበት ማሽን ከጎኑ ተተክሏል፤ ማሽኑ የሚታዘዘው ደግሞ በዚሁ ኮምፒውተር ውስጥ ባለ አንድ ያረጀ ፕሮግራም ብቻ ነው። የሠሩት ሰዎች ድርጅታቸውን ዘግተው ከተበተኑ ቆይቷል። ሶፋው ላይ ነጫጭ ጋውኖች ተቆልለዋል። አዲስ የሚከፈት ክሊኒክ የሠራተኞቹን ጋውን አርማ እንድትጠልፍ ሰጥቷት፣ ግማሹን ጨርሳ ግማሹ ቀርቷታል፤ ማስረከቢያው ዛሬ ማታ ነው። ይህን በጊዜው ካስረከበች የክሊኒኩ አንሶላ፣ መጋረጃ፣ ልብስ ሁሉ ለሷ ይሆናል ተብላለች። ለዚህ ሥራ ስንት ደጅ ጠንታለች! ዛሬ ክር አልቆባት ገበያ ወጣች፤ ይህን ጊዜ ነው ባልየው ጉድ የሠራው።

እንዲያው ሲፈጥረው እምቢ ማለት አይችልም። ጎረቤቱ በሙሉ «አቶ እሺ» ይለዋል። ሰው ቤት ሲቀይር ቁምሳጥን የሚሸከመው እሱ ነው፤ መንገድ የሄደ ሰው ውሻውን የሚተወው እሱ ጋ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ፖስታ ቤት ባንኮኒ ላይ ሲሠራ፣ ሰዓቱ አልፎም የመጣ ሰው ፊቱ ካዘነ መዝጋት አይሆንለትም ነበር።

ይቺ መጠየቂያ ሣጥን ደግሞ ስንት ወር ሙሉ ስክሪኑ ላይ ብቅ ስትል ኖራለች። «አዲሱ ሲስተም ተዘጋጅቶልዎታል። አሁን ይጫን ወይስ ቆይቶ?» ትላለች፣ በአንቱታ። ባለቤቱ ቀና ብላም ሳታያት «ቆይቶ» የሚለውን ጠቅ አድርጋ ታባርራታለች። እሱን ግን ይከነክነዋል። ይኼን ያህል ደጅ የጠና ሰው ቢሆን ኖሮስ? ዛሬ ኮምፒውተሩ ላይ ጋዜጣ ሊያነብ ቁጭ ባለበት ሣጥኗ መጣች፤ ብቻቸውን ነበሩ፤ ይሉኝታ ያዘው። «አሁን» የሚለውን ነካ።

አሁን ደንግጦ ለኮምፒውተር ጠጋኙ ደወለ።

«ጋሼ፣ ሰላም ነዎት?»

«ምን ሰላም አለ! ይቺ ኮምፒውተር አዲሱን ሲስተም ልጫን ብትለኝ እሺ አልኳት።»

«የትኛዋ? የእትዬ እንዳይሆን ብቻ።»

«እሷው ነች።»

«ኧረ ጋሼ! የጥልፉ ፕሮግራም እኮ በአዲሱ ላይ አይነሳም። እንዳይጭኑት ብዬ ራሴ ነኝ የነገርኳቸው።»

«ለኔ አልነገርከኝም።»

«እርስዎ ይነኩታል ብዬ በምን አውቄ!»

«እሺ፣ ሶኬቱን ልንቀለው?»

«እንዳያደርጉት! መሐል ላይ ካቋረጡት ጭራሽ አትነሳም። ይጨርስ ዝም ብለው። ሲጨርስ ወደ ድሮው መመለሻ አለው፤ ያኔ ይደውሉልኝ። ብቻ ጊዜ ይበላል።»

ስልኩን ዘጋና ከመስኮቱ ወደ ስክሪኑ፣ ከስክሪኑ ወደ መስኮቱ ይመላለስ ጀመር። ተቀመጠ፤ ተነሣ። ከጋውኖቹ አንዱን አንስቶ አጠፈው፤ አጣጠፉ አላስደሰተውም፤ ዘርግቶ እንደገና አጠፈው። ቁጥሩ አርባ ላይ ሲደርስ ትንሽ ቀለል አለው። ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ።

የፊት ለፊቷ ጎረቤት ናት፤ እጇ እስከ ክንዷ ርሷል። «ጋሼ፣ ድረስልኝ! የወጥ ቤቴ ቧንቧ ቤቱን ሐይቅ አደረገው!»

«አይ እኔ እንኳ አሁን...» ብሎ ጀመረ። እምቢታዋ ጉሮሮው ጋ ደርሳ ተመለሰች። «እሺ፣ መጣሁ» አለ።

ምን ይባላል! ሐይቅ የተባለው አንዲት ሳፋ ውኃ ነበር። የላላውን ጠበቅ አድርጎ ሊወጣ ሲል «መምጣትህ ካልቀረማ ይቺን የቁምሳጥን በር ብታይልኝ» አለችው፤ አየላት። ከዚያ አምፑል ነበር። ከዚያ ልጇ ስለላከችላት ምንጣፍ ያልሰማው ወሬ ነበር። ልቡ እቤቱ እየሮጠ እግሩ እሷ ወጥ ቤት ተተክሎ ቀረ።

ሲመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ባለቤቱ ኮቷን ሳታወልቅ፣ የክሩን ከረጢት ጭኗ ላይ እንደያዘች ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ስክሪኑ ላይ የማያውቁት ተራራና ያላዩት ዓይነት ሰማይ ወለል ብሏል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለችው፣ ዞር ሳትል።

«ልነግርሽ ነበር...»

«ፕሮግራሙ አልከፈት ብሎኛል። ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ሲጠይቅ... አሳዘነኝ።»

ይኼኔ ዞረች። ትጮሃለች ብሎ ነበር፤ አልጮኸችም፤ ይኼ ደግሞ ይበልጥ አስፈራው። «አሳዘነህ? ኮምፒውተር?»

«በአንቱታ እኮ ነው የሚጠይቀው።»

«አሁን የት ነበርክ?»

«ፊት ለፊት፣ ጎረቤታችን ቤት፣ ቧንቧ...»

«ቧንቧ!» አለች። «ስማኝ። አንተ ለዓለም ሁሉ እሺ ትላለህ፣ ደግ ሰው ትባላለህ፤ እሺታህን ተቀምጬ የምከፍለው ግን እኔ ነኝ። ወንድምህ ዕቃውን ሲያከማች ሳሎኔ ጠበበ። የሰው ውሻ ስትጠብቅ ጨርቄ ተበላ። አልተናገርኩም። ዛሬ ግን እንጀራዬን ነው የሰጠኸው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ይቅርታ ሊላት ፈለገ፤ ይቅርታውን ግን ላለፉት ሁሉ ሲላት ስለኖረ አሁን ሲለው አፈረ። ስልኩን አውጥቶ ለጠጋኙ ደወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ጠጋኙ የትኛውን እንደሚጫኑ ሲመራ፣ ባለቤቱ ከወንበሩ ተነሣችለት።

«አንተ ነህ እሺ ያልከው። አንተው እምቢ በለው።»

ተቀመጠ። «ወደ ቀድሞው ተመለስ» የሚለውን ሲጫን ስክሪኑ ይለማመጠው ጀመር። ለምን መመለስ ፈለጉ? ብሎ ጠየቀው። አንዱን ምክንያት መረጠ። ከመመለስዎ በፊት ማሻሻያ ቢሞክሩስ? ችግርዎን ሊፈታልዎ ይችላል፤ አለው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ።

«ቢሞከርስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«አይ በለው!» አሉት ባለቤቱና ጠጋኙ ባንድ አፍ።

«አይ፣ አመሰግናለሁ» የሚል ቁልፍ ነበር፤ ተጫነው። «ምስጋናዋስ ጥሩ ናት» አለ። ባለቤቱ ከንፈሯን ነክሳ ፊቷን አዞረች፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ከጀርባዋ አይታወቅም።

ነጠብጣቦቹ እንደገና ይሽከረከሩ ጀመር። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተነጋገሩም። እሷ ያለቁትን ጋውኖች እየገለበጠች ትርፍ ክር ትቆርጣለች፤ እሱ እየተቀበላት አጣጥፎ ይደረድራል። በየመሐሉ ሁለቱም ቀና ብለው ቁጥሩን ያያሉ። የመንገዱ ድምፅ በረከተ፤ ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ተመለሱ፤ የፀሐይዋ ብርሃን ከሶፋው ላይ ወርዶ ወለሉን ያዘ። በመጨረሻ የድሮው ስክሪን መጣ። ባለቤቱ ቆማ እንዳለች ፕሮግራሙን ነካችው፤ አሰበ፣ አሰበ፣ ተከፈተ። የክሊኒኩ አርማ ስክሪኑ ላይ ቁጭ ሲል «ተመስገን!» ብላ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

«ይደርሳል?» አላት።

የቀረውን ክምር አየችና ራሷን ነቀነቀች። «ሌሊቱን ቢሠራም ነገ ነው።» ጋውን ማሽኑ ላይ ወጠረች፤ መርፌው ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረ። ስልኳ የጮኸው ይህን ጊዜ ነው። ማን እንደሆነች አይታ ወደ እሱ ገፋችው። «የክሊኒኩ ግዥ ኃላፊ ናት። አንተ አንሳው። እኔ ምን እላታለሁ?»

አነሣው። «ባለቤቷ ነኝ፤ እሷ ሥራ ላይ ናት።»

«እንደምን ዋሉ? መኪና ልልክ ነበር። ደርሷል አይደል?»

«ግማሹ ደርሷል።»

«ሌላውስ?» የሴትዮዋ ድምፅ ተለወጠ። «ኧረ እባክዎ! ዛሬ ይገባል ብዬ ለአለቃዬ ነግሬያለሁ። ማታም ቢሆን እጠብቃለሁ። ብቻ ይደርሳል ይበሉኝ። እባክዎ።»

እሺታዋ ሳትጠራ ከንፈሩ ጫፍ መጣች። እሺ ቢል ሴትዮዋ ደስ ይላታል፤ እሱም ለአንድ ማታ ደግ ሰው ይሆናል። ነገ ጠዋት ውሸታም የምትባለው ባለቤቱ ናት። ወደ እሷ ተመለከተ። አጎንብሳ ጨርቁን ይዛለች፤ ግን እጇ ቆሟል፤ ምን እንደሚል ታውቃለች፤ ስንት ዓመት ሰምታዋለች።

«አይደርስም» አለ።

«እንዴት?»

«ዛሬ አይደርስም። ኮምፒውተሯን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ የሷ ጥፋት የለበትም። ሲያልቅ ነገ እኔው ተሸክሜ አመጣለሁ።»

ባለቤቱ ቀና አለች።

«እንዲህ ከሆነማ» አለች ሴትዮዋ ቆፍጠን ብላ፣ «የሚቀጥለውን ሥራ ለሌላ ሰው እንሰጣለን። እንዲያው ሞክረው ማታ ቢያደርሱት አይሻልም?»

ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ።

«ይገባኛል፤ ግን አይደርስም» አላት። ሴትዮዋ ዝም አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ዝምታ የሚሞላበት ቃል አያጣም ነበር፤ እንሞክራለን ማለት ነበር፤ ግዴለም ማለት ነበር። ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ፣ ምንም ሳይጨምር፣ መልሷን ጠበቀ።