የሃያ ሁለት የስኳር ሰልፍ ጥናት

ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። ያን ቀን ግን የምቆጣው ሰው አጣሁ።

በ1979 ዓ.ም. ነው። የሃያ ሁለት ቀበሌ ሱቅን የስኳር ሰልፍ የሚያሳጥር የኮምፒውተር ፕሮግራም ጻፍኩ። ማን በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚመጣ በቤት ቁጥር ይደለድላል፤ እኔም ዝርዝሩን በየሳምንቱ ለሱቋ ሠራተኛ ለእትዬ ደብሪቱ አደርሳለሁ። አራት ሰዓት ይፈጅ የነበረው ሰልፍ በሁለት ወር ውስጥ በአርባ ደቂቃ ያልቅ ጀመር! ውጤቱን ጽፌ ለመሥሪያ ቤታችን የጥናት መጽሔት ሰጠሁ። በስሜ የሚታተም የመጀመሪያ ሥራዬ ነው፤ መሬት አልበቃኝም።

እትዬን ላመሰግን ሱቁ ስደርስ ስኳር በወረቀት ይጠቀልላሉ። ወረቀቱ የኔ ዝርዝር ነው።

“እትዬ! ምን ጉድ ነው?”

“ውይ ፍረወይኒ፣ አትቆጪኝ። ማሽንሽ አራሷን በብርድ ይጠራል፣ የሌሊት ዘበኛውን በሚተኛበት ሰዓት። ቀኑ ያልተመቸው ሁሉ ቅዳሜ ይንጋጋል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተውኩትና በራሴ ደለደልኳቸው። አንቺ እንዲያ ፈክተሽ ስትመጪ እንዴት ልንገርሽ?”

ደሜ ፈላ። ግን ማንን ልቆጣ? ሰልፉን ያሳጠሩት እሳቸው፣ ውሸት የጻፍኩት እኔ። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ ብናገር ጽሑፌ ቀረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተሟግቼ የመጽሔቱን ሰዎች ጽሑፌን መልሱልኝ አልኩ። ከዚያ ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ እትዬ ማንን ለምን የት እንዳደረጉ አንድ በአንድ ጠይቄ እንደ አዲስ ጻፍኩት።

የመጽሔቱ አዘጋጅ ጓድ ወልደጻድቅ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

“ፕሮግራምሽ አልሠራም ነው የምትይው?”

“አልሠራም። የሠራው የእትዬ ደብሪቱ ድልድል ነው። ቀጣዩን ፕሮግራም በሳቸው መንገድ እንጽፋለን።”

“ስማቸውንም ከስምሽ አስቀድመሻል።”

“አዎ።”

እሳቸው ወረቀቱን ደጋግመው አገላበጡ።

“በይ ይውጣ” አሉ በመጨረሻ። “በዚህ ወንበር ከተቀመጥኩ ወዲህ ሙከራዬ አልሠራም ብሎ የጻፈልኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።”

መጽሔቱ እንደወጣ ወደ ሱቁ በረርኩ። እትዬ ስማቸውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ ደገሙት። ከዚያ “ኑ! ኑ እዩ! ስሜ በመጽሐፍ ወጣ!” ብለው ጮኹ።

ሰልፉ ፈረሰ። እልልታው፣ ግፊያው፣ “እስቲ ለኔም አሳዩኝ” ባዩ! ያን ቀን ስኳር ለመግዛት ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ በሰዓቴ ይዤዋለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።