አንድ ቀን የዘገየ እግር

የወይዘሮ ትርንጎ የተሰበረ ዳሌ በኦፕራሲዮን ከተጠገነ በኋላ ቀኝ እግራቸው የሚታዘዘው በማግስቱ ሆነ። ሰኞ ጠዋት «ተነሳ» ያሉት እግር ማክሰኞ በዚያው ሰዓት፣ እሳቸው ቁርስ እየበሉ ሳለ፣ ብድግ ይላል። ከዚህ በቀር ጤነኛ ነበሩ።

ነገሩን ያረጋገጠው መሣሪያው ነው። ሆስፒታሉ ደሴ ከሚገኘው ቤታቸው ሳይወጡ እንዲለማመዱ ብሎ ባታቸው ላይ የሚታሰር፣ የክብሪት ቀፎ የሚያክል ነገር ሰጥቷቸዋል። መሣሪያው የእግራቸውን እንቅስቃሴ ይመዘግባል፤ ፊዚዮቴራፒስቱ ምንያህል ደግሞ ሥራ ቦታው ሆኖ በታብሌት ያያቸዋል፣ ያነጋግራቸዋል።

«እማማ፣ ጡንቻውም ነርቩም ደህና ነው» አላቸው። «ትእዛዝዎ ይደርሳል። የሚደርሰው ግን ነገ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ዛሬ የነገውን ማዘዝ ነዋ።»

ወይዘሮ ትርንጎ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የቴሌፎን ኦፕሬተር ነበሩ። መስመር እስኪገኝ መጠበቅ አይከብዳቸውም። በዚያው ቀን ጀመሩ።

አንድ ልጃቸው ውብዓለም የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከወደቁ ጀምሮ አጠገባቸው ከርማ አሁን ወደ ሥራዋ መመለስ ነበረባት። ይዛቸው ልትሄድ ፈልጋ ቤቱን የሚከራይ ሰው እስከ ማነጋገር ደርሳለች።

«እማዬ፣ ብቻሽን ሆነሽ ብትወድቂስ?»

«እነሳለሁ።»

«በየትኛው እግር?»

 «የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ተመልሰሽ ነይ» አሏት። «የግቢውን በር ራሴ ካልከፈትኩልሽ፣ ጠቅልለሽ ውሰጂኝ።»

ውብዓለም ተስማማች። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ እንደምትደርስ ነግራቸው፣ ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ሄደች።

በግራ እግር ዛሬን፣ በቀኝ እግር ነገን ማሰብ ያደክማል። ትናንት የታዘዘው እግር ሲነሳ ቆመው ካልጠበቁት ይጥላቸዋል። አንዴ ከቁም ሳጥኑ ጋር ተላትመው ግንባራቸው አብጧል። ዳሌያቸው ሲጠዘጥዛቸው ያለቅሳሉ፤ እያለቀሱም ያዝዛሉ። ምንያህል «ዛሬ እንኳን ይረፉ» ሲላቸው «ነገ» ይሉታል።

አርብ እኩለ ቀን ላይ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የቅዳሜውን መንገድ አዘዙ፤ ከሳሎን ተነስቶ፣ በረንዳውን አልፎ፣ እስከ ግቢው በር። ሐሙስ በዚያ ሰዓት ሆን ብለው ምንም ስላላዘዙ ቀኝ እግራቸው ንቅንቅ አላለም።

ቅዳሜ በሰዓቱ እግሩ ተነሳ። ወይዘሮ ትርንጎ ታብሌቱን በነጠላ ደረታቸው ላይ አስረው፣ ባለ አራት እግሩን ምርኩዝ ጨብጠው አብረውት ሄዱ። አንዴም አልተሳሳቱም። በሩ ጋ ደርሰው መቀርቀሪያውን ስበው ገርበብ አደረጉት።

ውጭ ማንም አልነበረም። ውብዓለም የተሳፈረችበት መኪና ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ይዞት ቆሟል።

«እማማ» አለ ምንያህል ከደረታቸው ላይ፣ «ቀኙ ትእዛዙን ጨርሷል። መመለሻውን አላዘዝንም።»

«አውቃለሁ።»

«ይቀመጡ፣ ሰው ልጥራልዎት።»

«ከተቀመጥኩ የምነሳው ነገ ነው። እቆማለሁ።»

ቆሙ። በግራ እግራቸውና በበሩ ብረት ቆሙ። አላፊ አግዳሚው ሰላም ሲላቸው ደጃፉ ላይ እንደቆመ ማንም ሰው ሰላምታውን መለሱ። ፀሐይ ከጎረቤት ጣሪያ ጀርባ ስትገባ ውብዓለም ቦርሳዋን አንግታ ከመታጠፊያው ብቅ አለች።

«ዘገየሽ» አሏትና በሩን ገፋ አድርገው ከፈቱላት።

ውብዓለም ሰላም ሳትላቸው እግራቸውን አየች። ግራው ከጉልበቱ በታች ይንቀጠቀጥ ነበር። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና ደግፋ ያዘቻቸው።

«እሺ፣ እማዬ» አለች። «እሺ።» ቤቱ አልተከራየም።

ከዚያን ቀን ወዲህ መዘግየቱ እያጠረ መጣ። መጀመሪያ ግማሽ ቀን፣ ቀጥሎ ምሳ አቅርቦ የማንሳት ያህል ሆነ፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ትእዛዙና እርምጃው እኩል ደረሱ።

«ጨርሰናል» አለ ምንያህል ደስ ብሎት። «መሣሪያውን ይፍቱት።»

«ትንሽ ልጨምርበት» አሉት። ጨመሩበትም።

ጥቅምት ላይ ውብዓለም ልትጠይቃቸው መጥታ ጓሮ ውስጥ አብረው ሲንሸራሸሩ ቀኝ እግራቸው ቀደም ብሎ ተነሳ።

«አሁን አዘዝሽው?» አለች ውብዓለም።

«ገና አላዘዝኩትም። ነገ ሳላዝዘው አልቀርም።»

እግሩ ሣሩን ለቆ ጉልበት በሚደርስ ከፍታ፣ አየሩ ላይ አረፈ። የረገጠው አልሸሸም። ወይዘሮ ትርንጎ ክብደታቸውን ቀስ ብለው ሰጡት፤ ግራውም ተከተለ።

«እማዬ፣ ምን ላይ ነው የረገጥሽው?»

«እኔ እንጃ። ጠንካራ ነው።»

ምርኩዙን ለልጃቸው አቀበሏትና ቀጠሉ። ውብዓለም አንጋጣ ስታይ የእናቷ ጫማዎች የአጥሩን ጫፍ አልፈዋል። ከእግራቸው በታች ምንም አልነበረም። ሣሩ ላይ ግን ገና ያልተሠራ ረጅም ደረጃ ጥላ ተጋድሞ ነበር።